የእፅዋት ፍላቮኖይዶችና በዕድሜ የሚመጣው የኩላሊት ብግነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




 የተሰጠኝ ርእስ ፍላቮኖይድ የተባሉት የእፅዋት ውሑዶች በዕድሜ መግፋት ምክንያት በኩላሊት ላይ የሚደርሰውን ብግነት ለመግታት ይረዱ እንደሆነ የሚመረምር ነው። ርእሱ በመጀመሪያ ሲሰማ ለቤተ ሙከራ ሰዎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ይሁን እንጂ ነገሩ በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት ዘወትር የሚቀርብልን ጥያቄ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ አባት ወይም እናት በማሸጊያው ላይ ቅጠል የተሣለበት ብልቃጥ ይዘው ይመጡና «ይህ ኩላሊት ያድሳል ይሉኛል፤ ብወስደው ምን ትለኛለህ ልጄ?» ብለው ይጠይቁናል። የምንሰጠው መልስ የገንዘባቸውም የጤናቸውም ጉዳይ ነው። ስለዚህ መልሳችን ከግምት ሳይሆን ከዕውቀት የመነጨ እንዲሆን ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ኩላሊት በዕድሜ ብዛት ምን እንደሚሆን፣ ቀጥሎም ብግነት በዚህ ውስጥ ያለውን ድርሻ፣ ከዚያም ፍላቮኖይዶች ምን እንደሆኑና ስለ እነርሱ ምን ያህል ማስረጃ እንዳለ አቀርባለሁ። በመጨረሻም ከዚህ ሁሉ ለሙያችን የሚተርፈውን ትምህርት አመለክታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

እንደሚታወቀው ሁለቱ ኩላሊቶች ተደምረው ክብደታቸው ከ300 ግራም ብዙ አይርቅም። ይሁን እንጂ ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉን ይቀበላሉ፤ በቀንም 180 ሊትር የሚያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። ከዚህ ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ተመልሶ ወደ ደም ሲገባ፣ በሽንት መልክ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ኔፍሮን የሚባሉት ጥቃቅን የማጣሪያ ክፍሎች ናቸው። ኔፍሮን ከልደት በኋላ እንደ ገና አይፈጠርም፤ የጠፋው አይተካም። በአሜሪካ አገር ኩላሊታቸውን ለሌላ ሰው ከለገሱ ከ1,600 በላይ ጤነኛ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2017 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 29 ዓመት የሆኑት በአንዱ ኩላሊታቸው 990,000 ያህል ደኅና የማጣሪያ ክፍል ሲኖራቸው፣ ከ70 እስከ 75 ዓመት የሆኑት ግን የነበራቸው 520,000 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ጤነኛ የተባለው ሽማግሌ እንኳ የሚኖረው ከወጣትነቱ ሀብት በግማሹ ገደማ ነው ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን የሁሉም ሰው ኩላሊት በእኩል ፍጥነት ይደክማል ማለት አይደለም። በባልቲሞር ከተማ በ1958 የተጀመረውና ሰዎችን ለብዙ ዓመታት እየተከታተለ የመረመረው የእርጅና ጥናት በ1985 ያወጣው ውጤት በዚህ ረገድ ትልቅ ቁም ነገር አለው። የተጠኑት ጤነኞች የኩላሊት የማጣራት ኃይል በአማካይ በየዓመቱ በደቂቃ 0.75 ሚሊ ሊትር ሲቀንስ ታይቷል። ነገር ግን ከመካከላቸው አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት በክትትሉ ዘመን ሁሉ ምንም ቅናሽ አላሳዩም። ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን ኩላሊትን አያደክምም፤ ከዕድሜ ጋር አብሮ የሚጓዝ ሌላ ነገር አለ። ተመራማሪዎች ይህን ሌላ ነገር ሲፈልጉ ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ ብግነት ነው።

ብግነት በባሕርዩ ጠላት አይደለም። ቁስል ሲደርስ ወይም ተውሳክ ሲገባ ነጭ የደም ሕዋሳት ተጠርተው ይሰበሰባሉ፤ ሥራቸውን ፈጽመውም ይበተናሉ። ችግሩ የሚመጣው እሳቱ ሳይጠፋ ከአመድ ሥር እንደ ተዳፈነ ፍም ሲቆይ ነው። ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ የተባሉት የኢጣልያ ሊቅና የሥራ ጓደኞቻቸው በ2000 ይህን ዝቅተኛ ነገር ግን የማያቋርጥ ሁኔታ «የእርጅና ብግነት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጡት። ፍሙን ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱ ያረጁ ሕዋሳት መከማቸት ነው። ሌናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በ1961 እንዳስረዱት፣ የሰው ሕዋስ የተወሰነ ጊዜ ያህል ከተከፋፈለ በኋላ መከፋፈሉን ያቆማል፤ ግን ወዲያው አይሞትም። በ2008 ደግሞ ጁዲት ካምፒሲና ባልደረቦቻቸው እንዲህ ያለው ሕዋስ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ፣ ብግነት የሚያነሣሡ ፕሮቲኖችን ወደ አካባቢው እንደሚረጭ አስረዱ። በዕድሜ የገፋ ሰው ኩላሊት ሲመረመር ፒ16 የተባለው የሕዋስ እርጅና ምልክት በዝቶ ይገኛል።

በሕዋስ ውስጥ የብግነትን ትእዛዝ ከሚያስተላልፉት መካከል ዋነኛው በ1986 የታወቀው ኤንኤፍ-ካፓ ቢ የተባለው ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ሳያቋርጥ ሲነቃቃ በኩላሊት ቱቦዎች ዙሪያ ነጭ የደም ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፤ ከእነርሱም በኋላ ጠባሳ የሚሠሩት ሕዋሳት ይከተላሉ፤ ጠባሳ የያዘው ሥፍራ ደግሞ ማጣራት አይችልም። ኩላሊቱ ሲደክም ሊወገዱ የሚገባቸው ቆሻሻዎች በደም ውስጥ ይቀራሉ፤ እነርሱም በተራቸው ብግነቱን ያባብሳሉ። በ2016 በአይጦች ላይ የታተመ ሥራ ይህን ሐሳብ አጠናክሯል። የፒ16 ምልክት ያላቸው ያረጁ ሕዋሳት ከአይጦቹ ሰውነት እየተለዩ እንዲጠፉ ሲደረግ፣ የዕድሜያቸው አማካይ ርዝመት ጨምሯል፤ በኩላሊታቸው የማጣሪያ ክፍሎች ላይ የሚደርሰውም ጠባሳ ቀንሷል። «ያረጁትን ሕዋሳት የሚያጠፋ ወይም ጩኸታቸውን የሚያስታግስ ነገር በእፅዋት ውስጥ ይገኝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ጎልቶ የወጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ፍላቮኖይዶች ልለፍ። እነዚህ ውሑዶች በ15 የካርቦን አቶሞች የተገነቡ ሲሆኑ፣ ሁለት ቀለበቶች በሦስት ካርቦኖች ድልድይ ተያይዘው የሚገኙባቸው ናቸው። እስከ ዛሬ ብዙ ሺህ ዓይነት ታውቀዋል። ተክሉ የሚሠራቸው ለእኛ ብሎ ሳይሆን ለራሱ ነው፤ የፀሐይን ጎጂ ጨረር ይከላከልባቸዋል፣ አበባውን ያቀልምባቸዋል፣ ተባይንም ያርቅባቸዋል። በ1936 አልበርት ሴንት ጂዮርጂና ኢሽትቫን ሩስኒያክ በሃንጋሪ አገር ከሎሚና ከበርበሬ ያወጡት ቅመም የጥቃቅን ደም ሥሮችን መድማት እንደሚያስታግስ ገምተው «ቫይታሚን ፒ» የሚል ስም አወጡለት። ሴንት ጂዮርጂ በዓመቱ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ቫይታሚን ሲን በሚመለከተው ታላቅ ሥራቸው ቢሆንም፣ ቫይታሚን ፒ የተባለው ግን ሰው ያለ እርሱ ሊኖር እንደሚችል ስለተረጋገጠ በ1950 ስሙ ከቫይታሚኖች መዝገብ እንዲወጣ ተደርጓል። የፍላቮኖይድ ታሪክ ገና ከመነሻው ተስፋ ከማስረጃ የቀደመበት እንደነበረ ልብ ማለት ይገባል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እነዚህ ውሑዶች እንግዳ አይደሉም። በየቀኑ ወጥ የምንሠራበት ቀይ ሽንኩርት ኬርሴቲን ከሚበዛባቸው ምግቦች አንዱ ነው። ሩቲን የተባለው ስሙን ያገኘው ሩታ ከሚባለው የእፅዋት ወገን ሲሆን፣ በጓሯችን የሚበቅለው ጤና አዳም የዚሁ ወገን አባል ነው። በኮንሶና በአካባቢው እንደ ጎመን የሚበላው የሺፈራው ቅጠልም ዋነኛው ፍላቮኖይዱ ሩቲን ነው። ጤፍን በሚመለከት በ2018 የታተመ ጥናት ነጩና ቀዩ ጤፍ ዓይነታቸው የተለያየ ፍላቮኖች በብዛት እንደሚገኙባቸው አመልክቷል። እንግዲህ «ከውጭ በውድ ዋጋ የመጣ» የሚባለው ውሑድ ብዙ ጊዜ ከገበታችን ያልራቀ ነው።

ታዲያ ማስረጃው ምን ያህል ነው? በሦስት ደረጃ ከፍሎ ማየቱ ይሻላል።

የመጀመሪያው በብርጭቆ ሳህን ላይ በሚያድጉ ሕዋሳት የሚደረገው ምርመራ ነው። በዚህ ደረጃ ኬርሴቲን፣ ሉቴኦሊን፣ አፒጄኒንና ሌሎችም የኤንኤፍ-ካፓ ቢን መነቃቃት እንደሚቀንሱ በተደጋጋሚ ታይቷል። ነገር ግን እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ኬርሴቲንን የመሰሉ ውሑዶች ከብዙ ፕሮቲኖች ጋር በቀላሉ የሚጣበቁና የመመርመሪያውን ዘዴ ራሱን የሚያሳስቱ በመሆናቸው፣ በሳህን ላይ «ይሠራሉ» የማይባሉበት በሽታ የለም ለማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ በሳህኑ ላይ የሚጨመረው መጠን ብዙውን ጊዜ ከምግብ በኋላ በሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ1995 በኔዘርላንድ በተደረገ ጥናት ከሽንኩርት የተገኘው ኬርሴቲን 52 በመቶ ያህሉ፣ ንጹሑ ኬርሴቲን 24 በመቶው፣ ሩቲን ደግሞ 17 በመቶው ብቻ ከአንጀት እንደሚሰርግ ተገምቷል። የሰረገውም ቢሆን በአንጀት ግድግዳና በጉበት ውስጥ ወዲያው ስለሚለወጥ፣ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው በሳህን ላይ የተፈተነው ውሑድ ራሱ አይደለም። ንጹሕ ሆኖ በእንክብል ከተዘጋጀው ይልቅ በሽንኩርት ውስጥ ያለው በተሻለ ሁኔታ መስረጉንም ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ደረጃ የእንስሳት ምርመራ ነው። በእንጆሪ ውስጥ የሚገኘው ፊሴቲን ያረጁ ሕዋሳትን እንደሚያጠፋና በስተእርጅና የተሰጣቸውን አይጦች ዕድሜ እንደሚያስረዝም በ2018 ተነገረ፤ ወሬውም በዓለም ናኘ። ነገር ግን በአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ተቋም ድጋፍ በሦስት ልዩ ልዩ ቤተ ሙከራዎች በአንድ ጊዜ ፍተሻ የሚያካሂደው መርሐ ግብር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፊሴቲንን ፈትኖ፣ በተጠቀመበት መጠንና ሥርዓት በወንዶቹም ሆነ በሴቶቹ አይጦች ዕድሜ ላይ ጉልህ ለውጥ እንዳላመጣ አስታወቀ። የመጀመሪያው ሥራ ሐሰት ነበር ለማለት ይህ አይበቃም፤ ለሽያጭ ማስታወቂያ የሚሆን ጽኑ መሠረት እንዳልነበረው ለማወቅ ግን ይበቃል።

ሦስተኛው ደረጃ ሰው ነው። በ2019 የስኳር በሽታ ኩላሊታቸውን የጎዳባቸው ዘጠኝ ሰዎች ዳሳቲኒብ ከተባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር 1,000 ሚሊ ግራም ኬርሴቲን ለሦስት ቀን ተሰጥቷቸው፣ ከ11 ቀን በኋላ በስብና በቆዳቸው ውስጥ የነበሩት ያረጁ ሕዋሳት ቀንሰው ተገኝተዋል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው። ሆኖም ሰዎቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ የሚያነጻጽር ሌላ ቡድን አልነበረም፤ ኬርሴቲን ብቻውን አልተሰጠም፤ ኩላሊታቸው መሻሻሉም አልታየም። በሌላ በኩል ከ21,000 በላይ በዕድሜ የገፉ አሜሪካውያን የተሳተፉበትና በ2022 የታተመው ሰፊ ጥናት በቀን 500 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል ዋነኛ ተብለው የተቆጠሩትን የልብና የደም ሥር አደጋዎች በአጠቃላይ ጉልህ በሆነ መጠን እንዳልቀነሰ አመልክቷል። በልብ ሕመም የሞቱት ግን ቁጥራቸው አንሶ ስለተገኘ ጥያቄው ፈጽሞ አልተዘጋም። ባጭሩ የትኛውም የፍላቮኖይድ እንክብል ያረጀውን የሰው ኩላሊት እንደሚያድስ የተረጋገጠ ነገር የለም።

ክቡራትና ክቡራን፤

እስካሁን የተናገርሁት ተስፋን የሚያጨልም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከዚሁ ወገን የወጣ፣ የኩላሊት ሕሙማንን ዕጣ በእርግጥ የለወጠ አንድ ውሑድ አለ። በ1835 የአውሮፓ ኬሚስቶች ከፖም ዛፍ ሥር ቅርፊት መራራ ቅመም አወጡና ፍሎሪዚን አሉት። ፍሎሪዚን ከፍላቮኖይድ ቤተ ዘመድ የሚቆጠር ውሑድ ነው። መራራነቱ ከኪና ቅርፊት ጋር ስላመሳሰለው በመጀመሪያ ለትኩሳት ተሞከረ። በ1886 ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ይህ ቅመም ስኳር በሽንት እንዲወጣ እንደሚያደርግ አስረዱ። ከብዙ ዘመን በኋላ ምክንያቱ ታወቀ፤ ይኸውም በኩላሊት ቱቦ ውስጥ ስኳርን ከጨው ጋር መልሶ የሚያስገባውን ፕሮቲን ስለሚዘጋ ነው። ሆኖም ፍሎሪዚን ሲዋጥ በአንጀት ውስጥ ይፈርሳል፤ ተቅማጥም ያስከትላል። ኬሚስቶች ቅርጹን ለዓመታት እያሻሻሉ ዳፓግሊፍሎዚንንና ወንድሞቹን ሠሩ። በ2020 የታተመውና 4,304 የኩላሊት ሕሙማን የተሳተፉበት ምርመራ ኩላሊቱ በጣም የደከመባቸው ወይም ከዚሁና ከልብ ሕመም የተነሣ የሞቱት ዳፓግሊፍሎዚን ከወሰዱት መካከል 9.2 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለው ኪኒን ከወሰዱት መካከል ግን 14.5 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።

ከፖም ቅርፊት እስከዚህ ውጤት ድረስ 185 ዓመት ፈጅቷል። ትምህርቱም ግልጽ ነው። ተክሉ የሰጠው መነሻውን ነው፤ መድኃኒት ያደረገው ግን መጠን መለካቱ፣ ቅርጹ መሻሻሉና በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ በእኩል ሚዛን መፈተኑ ነው። የፖም ቅርፊት አፍልቶ የጠጣ ሰው ይህን ጥቅም አያገኝም።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚለው አባባልም መፈተሽ ይኖርበታል። በ1992 በወጣ የአሜሪካ መንግሥት የመርዛማነት ምርመራ ከፍተኛ መጠን ያለው ኬርሴቲን ለሁለት ዓመት የተመገቡ ወንድ አይጦች በዚያው በኩላሊታቸው ላይ እጢ አብዝተው አሳይተዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ማስረጃውን መርምሮ በ1999 ኬርሴቲን በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ወይም አያመጣም ብሎ ለመፈረጅ እንደማይቻል ወስኗል። ስለዚህ ሽንኩርት የሚበላን ሰው የሚያሰጋው ነገር የለም፤ ለኩላሊቱ ብሎ ብዙ ግራም የሚውጥ ሰው ግን ያልተመረመረ መንገድ ይዟል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በ2018 ከአረንጓዴ ሻይ የተጨመቀው ካቴኪን በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ በጉበት ላይ የጉዳት ምልክት ሊያሳይ እንደሚችል አስታውቋል። ሁላችንም የምናውቀው የቤልጅግ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ ለማክሳት በተሰጠ የቅጠላ ቅጠል እንክብል ውስጥ አንዱ ተክል በስሕተት በሌላ ተተክቶ አሪስቶሎኪክ አሲድ ስለገባበት ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ። ከእነዚህም መካከል ኩላሊታቸውና የሽንት ቧንቧቸው ወጥቶ ከተመረመረላቸው 39 ሕሙማን 18ቱ ካንሰር ተገኘባቸው። ጉዳቱ የፍላቮኖይድ አልነበረም፤ ነገር ግን «ከእፅዋት የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ስለ ይዘቱም ሆነ ስለ ደኅንነቱ ዋስትና እንደማይሆን ያረጋግጣል።

ታዲያ ለጠያቂያችን ምን እንመልስ? በበኩሌ አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ እንጠይቅ። ሕመምተኛው ከሐኪም የታዘዘለትን ብቻ ሳይሆን የሚጠጣውን ቅጠልና የገዛውን እንክብል ጭምር ያለ ኀፍረት እንዲነግረን ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው። በተለይ ኩላሊት የተተካለት ሰው የሚወስዳቸው እንደ ታክሮሊመስና ሳይክሎስፖሪን ያሉት መድኃኒቶች ከአንዳንድ የእፅዋት ውጤቶች ጋር ሲገናኙ መጠናቸው በደም ውስጥ ይዛባል። ግሬፕፍሩት ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ኩላሊቱ እጅግ የደከመ ሰው ደግሞ ፖታሲየም የሚበዛባቸውን ቅጠሎችና ጭማቂዎች «ለጤና» ብሎ ሲያበዛ ልቡን ለአደጋ ያጋልጣል።

ሁለተኛ፣ በእጃችን ያለውን አደጋ እንመልከት። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ያለ ማዘዣ የሚወሰዱት ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ። አረጋዊው የደም ግፊትና የሽንት ማብዣ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ጉዳቱ ይደረባል። በአንድ እጃችን ኩላሊት ያድሳል የተባለውን እንክብል፣ በሌላው ኩላሊት የሚጎዳውን ኪኒን ለአንድ ሰው የምንሸጥ ከሆነ ሙያችን ምን ትርጉም አለው?

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ በሚጠቅመው ላይ እንዲውል እንምከር። የደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር፣ ሲጋራ መተው፣ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ክሬአቲኒንና የሽንት ፕሮቲን ማስመርመር፣ ሐኪሙ ተገቢ ሆኖ ሲያገኘው ከላይ የጠቀስሁትን ዓይነት መድኃኒት መጀመር ጥቅማቸው የተመሰከረላቸው ናቸው። በአገራችን ኩላሊት የመተካት ሕክምና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 መጀመሩ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ሳይደርሱ መቅረት ከሁሉ ይሻላል። ሽንኩርቱን፣ ጤፉን፣ ጎመኑንና ሺፈራውን ሐኪም ያልከለከለው ሰው በደስታ ይብላ፤ ምግብነታቸው ይበቃቸዋል።

አራተኛ፣ እንመርምር። የአገራችን እፅዋት ተለይተው፣ በውስጣቸው ያለው ውሑድ ተለክቶ፣ መርዛማነታቸው ተፈትኖ፣ በመጨረሻም በሰው ላይ በሥርዓት እንዲመረመሩ ማድረግ የዚህ ማኅበር አባላት ሊሳተፉበት የሚችሉት ሥራ ነው። የፍሎሪዚን ታሪክ የሚያደፋፍረው ወደዚህ እንጂ ወደ ሽያጭ አይደለም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የተረቱ ኃይል ያለው «ሳይቃጠል» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ በቅጠል የሚጠፋው ገና ያልተያያዘ እሳት ብቻ ነውና። ኔፍሮን አንዴ ወደ ጠባሳ ከተለወጠ በኋላ ቅጠልም ሆነ እንክብል መልሶ አያስነሣውም። ብልቃጥ ይዞ ለሚጠይቀን አረጋዊ «ገንዘብዎን ያስቀምጡ፤ ይልቅስ ግፊትዎን እንለካ፤ ለጉልበትዎ የሚወስዱትንም ያሳዩኝ» ብንለው ሽያጩ ይቀርብናል፤ ምናልባት ግን ኩላሊቱ ይተርፍለታል።